አንድ ቤት የጎደለው ሠርግ

ጥር ፲፪፣ ረፋድ። ደባርቅ።

የዳሱ አጣና እየተተከለ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ባሕር ዛፉ ጠማማ ነው ይላል፣ ሌላው የጠመመው ዓይንህ ነው ይለዋል። ብርቱካን፣ የወንድሜ ሚስት፣ ከትናንት ጀምሮ ድምጿ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነው የምታዘን። ጠላው ተጠንስሷል። ድንቹ በጆንያ ተደርድሯል። እኔ ሽንኩርት ላይ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች ጋዜጠኛ በዚህ ቤት የምትታመነው ሽንኩርት ላይ ብቻ ነው።

ብርድ ነው፣ ደብተሬ። ጣቴ አይታዘዝም። ፊደሌ ከተበላሸብሽ ይቅር በይኝ።

ሠርጉ ጥር ፳፩ ነው። ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዳስ የሚተክል ሰው ታውቂያለሽ? ጋሽ ሙላት ነዋ፣ ታላቅ ወንድሜ። ምን ያድርግ፣ ያለችው አንድ ልጅ ማኅደር ናት። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጫማዋን የገዛሁላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን የፍቅር ወሬዋንም የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ከእናቷ በፊት። (ብርቱካን ይህን እንዳታይ።)

ሙሽራው አዲሱ ይባላል። የበየዳ ልጅ፣ የፓርኩ አስጎብኚ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን የሚያስጎበኘው የአማቱን ግቢ ነው። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ብርቱካንን በእንግሊዝኛ እያናገረ ያስቃታል። ከማኅደር ጋር ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ናቸው። አንዴም ሲኮራረፉ አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ እጽፈው ነበር።

የዛሬው ትልቅ ዜና ግን እኔ ነኝ! መጽሔቱ ከጎንደር በመጣው ሚኒባስ ደረሰ። ዓምዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፣ ከነፎቶዬ። ስለ ሙሴ ነብሮ።

እንዳልነገርኩሽ ትዝ አለኝ። ሙሴ ነብሮ (ከእንግዲህ ሙ.ነ. እለዋለሁ፣ ጣቴ በርዶታል) በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ፈረንጅ ነው። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነበር። ተራራ ልለካ ነው ብሎ መጣ። ጫፍ ላይ ወጥቶ ድስት ጥዶ ውሃ ያፈላል፣ ከፍታው የሚታወቀው ውሃው በሚፈላበት ሙቀት ነው ይላል። ያገሬ ሰው ውሃ ለማፍላት ነው እንዴ ባሕር የተሻገረው ብሎ ሳቀበት። ቀጥሎ ቅጠል ለቀመ። ቀጥሎ ቆዳ መግዛት ጀመረ። ነብር፣ ጉሬዛ፣ የዋልያ ቀንድ። ቆዳውን በጨውና በአመድ አሽቶ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ በበቅሎ ወደ ምጽዋ። እዚያ ማዶ ወይዛዝርቱ አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። የሰሜን ገዢ መሬት ሰጠው፣ ጎጆ ቀለሰ፣ ሄደ ሲባል ቀረ፣ እዚሁ ተቀበረ። ነብሮ ያሉት ያገሬ ሰዎች ናቸው።

ዳባት አንድ ሚስት ነበረችው። እኛ የእሷ ነን። የጋሽ ሙላት አፍንጫ ቀልድ አይደለም፤ ከሙ.ነ. የወረስነው ነው እየተባለ ነው ያደግነው። አዲሱ ደግሞ ኅዳር ላይ በስልክ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አያቴም የሙሴ ነብሮ ልጆች ነን ይላሉ! ጮኽኩ። የበየዳዋን ሚስት ወሬ እኔም ሰምቼ ነበርና። ወዲያው ዓምዴ መጨረሻ ላይ አስገባሁት፦ «ሙሽራውም ሙሽሪትም የአንዱ ፈረንጅ ዘር ናቸው፤ ነብሩ በሁለት አቅጣጫ ዞሮ ሊገናኝ ነው።»

ይህችን ዐረፍተ ነገር በጣም ነው የምወዳት። ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ እያነበበ ነው። ቄስ ምስጋናው፣ የንስሐ አባታችን፣ እሳቸውም አንድ ቅጂ ልከው አስወስደዋል። ክብሬን እይልኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት።

ክብሬን ማየቱን ተይው።

ቄስ ምስጋናው መጡ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ መስቀል ተሳለምኩ። ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። መጽሔቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በጣታቸው ነኩ።

«ሒሩት፣ ይቺ ነገር እውነት ናት?»

እውነት ናት አባታችን፣ ራሴ ነኝ ያጣራሁት አልኳቸው። በኩራት! ምላሴ በተቆረጠ!

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ከሙ.ነ. ወደ እኛ፦ ልጁ፣ የልጅ ልጁ፣ እያሉ እስከ ማኅደር። ስድስት። ከሙ.ነ. ወደ በየዳ እስከ አዲሱ። ስድስት። መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ደብተሬ። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ተቀምጬ ረስቼዋለሁ። እዚህ አገር ዘመድ ከዘመድ የሚጋባው ሰባት ቤት ሲሞላ ነው። ከዚያ በታች እኅትና ወንድም ናቸው፣ አለቀ።

ጋሽ ሙላት መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ቀጥሎ መማለድ ገባ። «አባታችን፣ የጎደለው እኮ አንድ ቤት ነው። አንድ!»

«በአንድ ቤት ልንከራከር፣ ይህ የበግ ገበያ ነው ሙላት?» አሉት። ክፋት የለባቸውም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ማኅደርን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ግን እኔ ሥርዓቱን አልሠራሁትም አሉ፣ በቁርባን አላጋባም፣ ሌላም ካህን እንዲያጋባ አልፈቅድም።

ሽማግሌ ሲላክ እንዴት አልተቆጠረም ትይኝ ይሆናል። ተቆጥሯል። የአዲሱ አያት፣ አያ ጥጋቡ፣ የላኳቸው ሽማግሌዎች አምስት ቤት ድረስ ቆጥረው ቆሙ። ከዚያ በላይ ምን ያገናኘናል፣ እኛ በየዳ እናንተ ዳባት ተባለ። ማንም አልገፋም። እኔ እስክገፋ ድረስ።

የቁርባኑ ጋብቻ ቀረ። ከጥር በኋላ ነነዌ፣ ከነነዌ በኋላ ሁዳዴ፣ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። በፋሲካስ ስድስቱ ሰባት ሊሆን ነው?

ጋሽ ሙላት አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወጥቶ አጣናዎቹን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩታል። ስለ ጠማማው እንጨት የሚከራከር ጠፋ።

ጥር ፲፫።

ማኅደር በር ዘግታለች። አዲሱ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ግባ አላለውም፣ ሂድም አላለው። ብርቱካን ድምጿ ተመልሷል፤ አታናግረኝም እንጂ።

ከሰዓት ማኅደር አስጠራችኝ። አልጋዋ ላይ አጠገቧ ተጋደምኩ፣ እንደ ልጅነቷ። ከዚያ ነገረችኝ።

ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ወር አልፏታል። ለካ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርቱ ነው እያለች ከማጀት የምትሸሸው ሽንኩርቱ አልነበረም። ሠርጉ ሲያልፍ ልታበስር ነበር፣ ማንም ሳይቆጥርባት።

አሁን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አክስቴ፣ ልጄ ምን ሊሆን ነው?» የዘመድ ልጅ ጤና የለውም ሲባል ሰምታለች። ቁርባን አይቀበልም ሲባል ሰምታለች። ማን አለ? ሁሉም ይላል። ስድስት ቤት እኮ ሩቅ ነው፣ ሐኪም ብትጠይቂ ይስቃል አልኳት። እውነቴን ነው። አልሰማችኝም። ሐኪም አይደለም እኮ የሚያጠምቀው አለችኝ።

ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ግድግዳውን እያየች፣ ሰሜን መቼም ገደል አይቸግረውም አለች።

እጇን ያዝኩ። አልለቀቅኩም። አሁንም ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፣ እሷ ተኝታለች። እግዚአብሔር ሆይ፣ ለሁለት ገጽ ወሬ?

ጥር ፲፬።

ጋሽ ሙላት ዛሬ ሰው መሰለ። ቆጠራው ተሳስቷል ብሎ ተነሣ። ሰሌን ዘርግቶ ሽምብራ ደረደረ፤ ለአንድ ቤት አንድ ሽምብራ። እኔ ስም እጠራለሁ፣ እሱ ያስቀምጣል። ስድስት። እንደገና። ስድስት። ሦስተኛው ላይ ሰባት ሆነ።

ይህ ደግሞ ማን ነው አልኩት።

«ዘለቀ።»

«ዘለቀ ማን?»

«የአያታችን አባት ነዋ።»

«የአያታችን አባት ተሰማ ነው፣ ጋሽዬ።»

«ከተሰማ በፊት ማለቴ ነው። ወይም ከተሰማ በኋላ። መሀል ላይ!»

ዓይኑን አየሁት። ለሠላሳ ዓመት የመለዋወጫ ዕቃ ሲሸጥ አንድ ብሎን ያላጭበረበረ ሰው። ወንድሜ አያት ፈጠረ! እኔም፣ እመቤቴ ትማረኝ፣ ልክ ነህ አልኩት። ዘለቀማ ነበር፣ እንዲያውም ረጅም ነበር አልኩት።

ተያይዘን ቄስ ምስጋናው ዘንድ። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ረጋ ብለው፦ «ዘለቀ ማንን አገባ?» ጋሽ ሙላት እኔን አየኝ። «ስንት ወለደ?» እኔ መሬቱን አየሁ። «የት ተቀበረ?»

«ዳባት» አለ ጋሽ ሙላት።

«ዳባት የት ቤተ ክርስቲያን?»

ላቡ በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ። ቄሱ ትከሻውን ነካ አደረጉት። መቃብሩን አሳየኝና ነገ አጋባቸዋለሁ፣ ነፍስህን ግን በሽምብራ አትሽጣት አሉት።

ስንመለስ ዶሮዋ ሰሌኑ ላይ ናት። ዘለቀን በልታዋለች። ሳቅን። ሁለታችንም አጥሩን ተደግፈን በጣም ሳቅን፣ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር እስኪሆን ድረስ።

ጥር ፲፭።

ገበያ ወጣሁ፣ ለጨው። ስህተት። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሙያዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን የቆምኩት በወዲያኛው በኩል ነበር። አንዲት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ፣ ፊት ለፊቴ፣ ለጓደኛዋ፦ «እኅትና ወንድም ሊያጋቡ ሲሉ በራሳቸው ጋዜጣ ተያዙ አሉ።» ጓደኛዋ፦ «ዝም በይ፣ ያቺ ናት እኮ!» «አውቃለሁ እኮ፣ በፎቶው ወፈር ትላለች።»

ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ።

አዲሱ አጥር ውጭ ነው። ቀረብኩት። ጢሙ አድጓል። አያቴ የቄሱን ክልከላ አልቀበልም ይላሉ አለኝ። አያ ጥጋቡ ነገሩን እንደሰሙ፣ ያችን ጻፊዋን እዚህ አምጣት ብለው ከጭነት መኪና ረዳት ጋር ላኩበት። ስልክ የለም፣ ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። ተቆጥተው ነው አልኩት። አላውቅም አለ፣ አያ ሲቆጡ ይጮኻሉ እንጂ ሰው አይጠሩም።

ማኅደርን ለእናቷ አደራ ሰጠሁ። ብርቱካን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ይዘሽው ነይ አለችኝ። ምኑን? አላወቀችውም፤ እኔም።

ጥር ፲፯፣ ጠዋት። በየዳ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ አይሱዙ ላይ፣ የገብስ ጆንያ መሀል። ቧሂት ስንደርስ በረዶ መንገዱ ዳር ነጥቶ ይታያል። አዲሱ በልማድ ቀጥሎ በስተቀኝ ዋልያ ታያላችሁ ይላል። የሚያይ የለም።

አያ ጥጋቡ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ለምዳቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ፣ አንድ ዓይናቸው የደበዘዘ ሽማግሌ። ማታ እንግዳ ተቀብለው ስለ ሙ.ነ. ሲያወሩ አመሹ። ጠላ በዋልያ ቀንድ ዋንጫ ቀዱልኝ፣ የእሱ ነበር አሉ። ስለ ሠርጉ አንድ ቃል የለም። ልብሴን ቀድጄ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም።

ጠዋት አዲሱን በቅሎዋን ውሃ አጠጣ ብለው ላኩት። እኔን ፀሐይ ላይ፣ ከአውድማው ጥግ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። የሆነውን እንዳለ ላንቺ፦

ለምን ጻፍሽው አሉኝ። ደስ ስላለኝ ነው አያ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፦ «ልጅ ማለት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የወለዱት ነዋ፣ አያ።»

«አሁን ልጄ አልኩሽ። ወለድኩሽ?»

«የለም፣ አያ።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ እኔን አይመለከቱም፣ ማዶውን ነው። ቅድመ አያታቸው ከሙ.ነ. አልተወለደም። ልጅ ሳለ ሙ.ነ. ከቆላ ገበያ አመጣው፣ ከሁለት የነብር ቆዳ ጋር፣ በአንድ ዋጋ። እናቱ ያወጣችለትን ስም እንኳ አናውቅም አሉ። ቆዳውን በጨው የሚያሸው እሱ ነበር፣ እጁ ተሰነጣጥቆ እስኪደማ። ፈረንጁ ሲጠራው ልጄ ይለዋል፤ ያኔ ጌታ ሁሉ አሽከሩን ልጄ ይላል። ሲሞት ጎጆዋንና ቁራሽ መሬቷን ተወለት። የበየዳዋ ሚስት? ልጅ አልነበራትም። አገሩ ሰውዬው የማን ነው ሲል የሙሴ ልጅ ነው ተባለ። እሱም ዝም አለ። «ምን ይበል? ልጅ መባል ይሻላል ከ…» ያንን ቃል አፋቸው አላወጣውም። እኔም አልጽፈውም።

እንግዲህ ዘመድ አይደሉም! ተነሥቼ ልስማቸው። ጉልበታቸውን ያዝኩ። አያ፣ በሉ ደባርቅ ወርደን ለቄስ ይንገሩ፣ በቃ፣ አለቀ አልኩ።

አልወርድም አሉ። ያላገቡ ሦስት ሴት የልጅ ልጆች አሉኝ። ይህ ቃል ከዚህ ድንጋይ ከተነሣ ነገ ማን ይወስዳቸዋል? አዲሱንስ የእናንተ ዘመዶች ምን ይሉታል? ወንድምሽስ በዚያ አፍንጫው ልጁን ይሰጠዋል? አፈርኩ፤ አይሰጠውም ነበር። ዘመድ ነህ ብሎ ከሚከለክለው፣ በዚህኛው የሚከለክለው ይብሳል።

አስማሉኝ። በሕይወት እስካለሁ ለሰው እንዳልናገር፣ ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ። ማልኩ። ምን ላድርግ? ታዲያ ለምን ነገሩኝ አያ፣ ለምን ጠሩኝ ብዬ አለቀስኩ።

የልጅቱን ልብ አሳርፊበት ብዬ ነው አሉ። አዲሱ ነግሯቸዋል፣ ስለ ጽንሱ። ዘመድሽ አይደለም በያት፣ እንዴት ካለችሽ አያ ያውቃሉ በያት። ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ልነሣ ስል ደግሞ፣ እንደ ዋዛ፦ «የእናንተውንስ ማን አየ? እሱም የሙሴ ልጅ ነበር የተባለው አይደል?»

«እኛማ አያ… አፍንጫችን…»

«አፍንጫማ በቅሎዬም አላት።»

ጥር ፲፰፣ መንገድ ላይ። ጨነቅ ካምፕ።

ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ከሥር ተኝተው ይሳደባሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እኛን እያዩ ሣር ይነቅላሉ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው እያወሩ።

አሰብኩ። አባባ ሙ.ነ. ወለደ ብሎኝ ያውቃል? የለም። አክስቶቼስ? የለም። የሙሴ ልጅ። የሙሴ ልጆች። ሁሉም ያለው ይህን ብቻ ነው። ዘር የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ደም ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያምራል ብዬ። የዳባቷ ሚስት ስሟን የሚያውቅ ሰው አለ? አፍንጫ ብቻ ነው ያለን።

ከሆነስ? ሰውየው አንድ ልጅ ከገዛ ሁለት አይገዛም? የሚያሸው ቆዳ እኮ ብዙ ነበር።

አፈርኩ ወይስ ፈራሁ፣ አላውቅም። ለአዲሱ ምንም ማለት አልቻልኩም። ጆንያው ላይ ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። የማያውቀው ነገር አጠገቡ ተቀምጦ ሲጽፍ።

ጥር ፲፱፣ ከሰዓት። ደባርቅ።

መጀመሪያ ማኅደር ጋ ገባሁ። ፊቷ ከስቷል። ዘመድሽ አይደለም አልኳት፣ በማርያም ነው የምልሽ፣ ልጅሽ ንጹሕ ነው፣ እንዴት አትበይኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ስትዋሺ ዓይንሽን ታርገበግቢያለሽ፣ አሁን አላርገበገብሽም አለች። ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ሾርባ ጠጣች፣ ሁለት ጭልፋ። ብርቱካን ከበሩ ውጭ ቆማ ጭልፋውን ስትቆጥር አየኋት።

ልቧ ዐረፈ። ሠርግ ግን የለም። ቄሱ በእኔ ዓይን መርገብገብ አያጋቡም። ከነገ ወዲያ ቀኑ ነው። ሆዷ ፋሲካን አይጠብቅም።

ጋሽ ሙላትን ሱቁ ድረስ ሄድኩበት። በር መልስ አልኩት። ስለ አያ ጥጋቡ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት፦ ልጅ የሚለው ቃል እንጂ ሌላ የያዝነው የለም። ወለደን የሚል ምስክር የለንም። አንተ የሙሽሪት አባት ነህ፤ በሽማግሌ ፊት፣ መስቀል ይዘህ፣ ደማችን ከዚያ ሰው መሆኑን አላውቅም ብትል ውሸት አይደለም። እኔም ሳላውቅ ነው የጻፍኩት ብዬ እምላለሁ። ቋጠሮው በእኛ በኩል ይፈታል።

በጣም ተቆጣ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ካልወለደን ታዲያ ምን ነበርን? የሙሴ ምኑ? ነገ ደባርቅ የሚለውን ሳታውቂው ቀርተሽ ነው? የተገዙ ናቸው ሊሉን ነው! አባባን! እኔን!»

«ሊሉን ነው፣ ጋሽዬ።»

«ማኅደርንም!»

«እሷንም።»

ብሎን የሞላበትን ጣሳ ረገጠው። ብሎኑ በሱቁ ሁሉ ተበተነ። ሁለታችንም ተንበርክከን መልቀም ጀመርን፣ ምን ይደረጋል፣ ሱቅ ነው። እየለቀመ ድንገት ቆመ። ያ ሽማግሌ ምን ነገረሽ አለኝ።

«መሐላ አለብኝ።»

አየኝ። ደግሞ አየኝ። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፣ መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ሌላ። ለቀማውን ቀጠለ። ትንንሾቹን ለብቻ፣ ትልልቆቹን ለብቻ። ሲጨርስ ሂጂ አለኝ።

ሄድኩ። በቃ፣ ደብተሬ። እምቢ ማለቱ ነው። ምን ብዬ ልፍረድበት? ሃምሳ ዓመት የኖረበትን አፍንጫ ንቀል እኮ ነው ያልኩት።

ጥር ፳፣ ጠዋት።

እንቅልፍ የለም። ልብሴን በሻንጣ አደረግኩ። ማኅደርን ይዣት አዲስ አበባ ልሂድ? አዲሱንም? ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ይኑሩ? ይህን ለብርቱካን ስነግራት ያለ ቁርባን፣ እንደ ሌባ፣ ብላ ፊቷን አዞረች። አንዲት ልጅ ናት ያለቻት።

ሻንጣውን ስዘጋ ጋሽ ሙላት ገባ። ነጭ ልብሱን ለብሷል። ተላጭቷል፣ አገጩ ላይ ቆርጦታል።

ሽማግሌዎቹን ጠርቻለሁ፣ ቤ/ክ ግቢ ይጠብቁናል አለ። ቄስ ምስጋናውን ጠዋት አናግሯቸዋል። ምን አሉ አልኩት። ሙላት፣ ይህን ከማልክ በኋላ መመለሻ የለውም፣ ሰው የሚልህን እኔ ላስቆምልህ አልችልም አሉኝ አለ። ከማልክ ግን ዝምድናውን የሚያቆም ነገር የለኝም አሉኝ አለ።

ሻንጣውን መልሼ ከፈትኩ።

ጋሽዬ፣ ራስህ እኮ ነህ የምትዋረደው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ብቻ ልማል አልኩት። የጋዜጣ መሐላ ማን ይቀበላል አለኝ፤ ቀልዱ ነው፣ ድምፁ ግን ተሰበረ። ከዚያ፦

«ያ የበየዳው ሽማግሌ ዝም ያለው ለልጆቹ ነው። እኔም የምናገረው ለልጄ ነው። ሌላ አትጠይቂኝ።»

አውቋል። አልነገርኩትም፣ ግን አውቋል። አዲሱንም አልከለከለውም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። የምለውን እዚህ ጽፌ ላጥናው፣ እዚያ ስደርስ ምላሴ እንዳይተሳሰር፦ እኔ ሒሩት፣ ዘር ብዬ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። ከአባቶቼ የሰማሁት ልጅ የሚል ቃል ብቻ ነው። የተወለደ ይሁን የተገዛ አላውቅም።

የተገዛ። ጻፍኩት እንግዲህ። ስለ እኛ ነውና መሐላዬን አይነካም።

ነገ ገበያ የሚባለውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ። ያቺ ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ዓመት ሙሉ ሥራ አገኘች።

ጋሽ ሙላት ከደጅ ይጣራል። መጽሔትሽም ላይ አውጪው ይላል፣ በዚያው ዓምድ፣ ስሜን ጨምረሽ። ሙላት ብቻ እንዳትዪ፣ ከነአባባ ስም ይላል፣ ሰው ሌላ ሙላት እንዳይመስለው። ማኅደር ጫማዋን እያደረገች ነው፣ እኔም ልቁም ብላለች፣ አባቷ እምቢ አላላትም። ብርቱካን ነጠላዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልሂድ።